«የማኅበሬ ወንድም ገንዘብሽን እኔ ላስተዳድርልሽ ይለኛል»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 49 ነው፤ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ትንሹ ገና 13 ዓመቱ ነው። ከዚራ የነበረው የባለቤቴ አባት ቤት ዘንድሮ ተሸጦ ለወራሾች ሲከፋፈል፣ በባለቤቴ በኩል 3 ሚሊዮን ብር ደረሰን። ገንዘቡ በእኔ ስም ባንክ ተቀምጧል። በሕይወቴ ይህን ያህል ገንዘብ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ብሩ እየረከሰ ነው፤ ዝም ብለሽ አታስቀምጪው» ይለኛል።

ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። ከደመወዜ አሥራት ሳላወጣ የቀረሁበት ወር የለም። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ ላይ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንዲያማክረኝ እፈልጋለሁ። በየወሩ በ19 በምንጠጣው የገብርኤል ጽዋ ማኅበር ውስጥ አንድ ወንድም አለን። ፋይናንስ የተማረ ነው፤ የማኅበራችንን ገንዘብ የሚይዘውም እርሱ ነው። «የእግዚአብሔርን ገንዘብ ለዓለማዊ አማካሪ አትስጪ። ባንክ ማስቀመጥም ወለድ መብላት ነው። እኔ ጋ አድርጊው፤ በየወሩ 6 በመቶ ትርፍ እሰጥሻለሁ፤ አሥራቱንም ቀንሼ በስምሽ አደርሳለሁ» ይለኛል። ገንዘቡን ከጅቡቲ ዕቃ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ለአጭር ጊዜ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ከማኅበራችን አራት ሰዎች ሰጥተውታል፤ በየወሩ እየከፈላቸው ነው። ስምምነቱንም ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ፎቶውን አያይዤ ልኬላችኋለሁ።

በሌላ በኩል ባለቤቴ ሱቅ በነበረው ጊዜ የግብር ሒሳቡን ይሠሩለት የነበሩ፣ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሙስሊም ጎረቤት አሉን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሳንቲም አጉድለውብን አያውቁም። ባማክራቸው ደብተር አውጥተው አሰሉልኝ። ለልጆቹ ትምህርት የሚሆነውን ለይቼ ባንክ እንድተወው፣ በቀረው ከአንድ ሰው ጋር አይሱዙ እንድገዛ መከሩኝ። መኪናው ግን ከአወዳይ ጫት የሚያመላልስ ነው። እኔ በጫት ገንዘብ ልጆቼን ማሳደግ አልፈልግም፤ ይህን ለእርሳቸው መናገር ግን አፈርኩ። አሥራት ማውጣት እንደምፈልግም አልነገርኳቸውም፤ አይገባቸውም ብዬ።

የንስሐ አባቴ «በጸሎት አስቢበት፤ አትቸኩዪ» ብለውኛል። የማኅበሬ ወንድም ግን በሚመጣው 19 መልስ ይጠብቃል። እምቢ ብለው በማኅበሩ እንዴት አብሬው እቀመጣለሁ? እሺ ብለውስ? ለመሆኑ አንድ ክርስቲያን ትክክለኛ የገንዘብ አማካሪ የሚያገኘው እንዴት ነው?

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከ3 ሚሊዮኑ ብር ይልቅ ዓይኔ ያረፈው እንቅልፍ ማጣትዎ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ ደስታ ይዞ የመጣ ገንዘብ አይደለም። ባለቤትዎ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በእርሳቸው እጅ ይገባ የነበረ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ የምትመክሩበት ገንዘብ ነበር። አሁን ምክሩም ውሳኔውም በእርስዎ ትከሻ ላይ ብቻ ወደቀ። እግዚአብሔርን የሚፈራ አማካሪ የፈለጉትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ብቻ ሳይሆን ልብዎን የሚያሳርፍ ሰው ነው የፈለጉት። ፍላጎትዎ ተገቢ ነው። ማንም በዚህ እንዲያሳፍርዎት አይፍቀዱ።

በጣም ያስጨነቀኝን ግን አስቀድሜ ልናገር፤ 19 ሩቅ አይደለምና። ለማኅበርዎ ወንድም ከዚህ ገንዘብ አንድ ብር እንኳ አይስጡት።

ይህን የምለው የላኩልንን ወረቀት አይቼ ነው። ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ነው። ራስጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «የወንድማማችነት ስምምነት» ይላል። ቀጥሎ የእርስዎ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ «በየወሩ 6% ትርፍ» የሚል አንድ መስመር፣ በመጨረሻም የእርሱ ፊርማ አለ። ያለው ይኸው ነው። የድርጅት ስም የለም፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥር የለም፤ ምስክር የለም። ነጋዴዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ባይከፍሉ ዕዳው የማን እንደሚሆን፣ እርስዎ ገንዘቤን መልስልኝ ባሉ ጊዜ በስንት ቀን እንደሚመለስ አንድ ቃል አልተጻፈም። የሥላሴ ስም ከላይ መጻፉ ከታች የጎደለውን አልሞላውም። እኔን ያሳዘነኝም ይህ ነው። በእግዚአብሔር ስም የሚጀመር ውል ከሌላው ውል ሁሉ ይልቅ ግልጽ ሊሆን ይገባው ነበር።

ሒሳቡንም አብረን እንሥራው። ከ3 ሚሊዮን ብር 6 በመቶ 180,000 ብር ነው፤ በየወሩ። በአገራችን ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ ይህም ለእርስዎ ገንዘብ በዓመት 210,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ወንድምዎ ባንኩ በዓመት የሚከፍለውን በ35 ቀን እከፍላለሁ እያለዎት ነው። ይህን ለመክፈል ገንዘቡን የሚወስዱት ነጋዴዎች ለእርሱ በዓመት ከ72 በመቶ በላይ መክፈል አለባቸው፤ የእርሱም ድርሻ አለና። ዕቃው ወደብ ላይ ሳይዘገይ፣ የዶላር ዋጋ ሳይናጋ፣ ገዢ ሳይጠፋ በየወሩ ይህን ያህል የሚከፍል ነጋዴ እርስዎ ያውቃሉ? ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይጠይቁ፤ መልሱን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

«አራቱን ግን እየከፈላቸው ነው» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይከፍላቸዋል። አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ብር ሰጥቶት በየወሩ 60,000 ብር ቢመልስለት፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ ከዚያው ከተሰጠው ገንዘብ ላይ እየቆረጠ 16 ወር ሊከፍለው ይችላል። ተቀባዩ ትርፍ እየበላሁ ነው ብሎ ያመሰግናል፤ የሚበላው ግን የራሱን ዋና ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ወንድምዎ ይህን እያደረገ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ አላውቀውም። ምናልባት ራሱም ያምንበት ይሆናል፤ ነጋዴዎቹም በእውነት ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በየወሩ መክፈሉ ብቻ እውነተኛ ንግድ እንዳለ አያሳይም፤ እርስዎም ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልተሰጠዎትም። በዚያ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰቡ ማበደር የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ነገ ችግር ቢመጣ የተቀደደ የደብተር ገጽ ይዘው ማን ዘንድ ይሄዳሉ?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የባንክ ወለድ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያስፈራራዎት ሰው ራሱ በወር 6 በመቶ ለሚያበድርበት ሥራ ገንዘብዎን ይጠይቅዎታል። አራጣ በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ፣ በአገሪቱም የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። የባንክ ወለድ በእርግጥ ሕሊናዎን የሚከብደው ከሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ የመክሊቱንም ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አብረው ያንብቡት። ልብዎ ካልተቀበለው ከወለድ ነፃ የሆነ የባንክ ሒሳብ አለ፤ ለክርስቲያኑም ክፍት ነው። የሕሊና ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ለአንድ ሰው ማስረከብ ግን ጥያቄውን አይፈታውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። አማካሪው ክርስቲያን መሆን አለበት ወይ?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ያለውን ታሪክ ያስታውሱ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ አይቶ «ይህ አይሆንም፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» ያለው አማቱ ዮቶር ነበር። ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ወገን አልነበረም። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው ሙሴ ግን ሰማው፤ ያለውንም አደረገ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ዮቶር ሥራውን የሚረከቡት ሰዎች ምን ዓይነት ይሁኑ ብሎ እንደመከረ ነው። አዋቂዎች ይሁኑ አለ፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ ይሁኑ አለ። እግዚአብሔርን መፍራት አለበት፤ ብቻውን ግን አልቆመም።

ለእርስዎ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው እግዚአብሔርን መፍራቱን እርስዎ መርምረው ሊያረጋግጡት አይችሉም፤ እርሱ በእግዚአብሔርና በሰውየው መካከል ያለ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ግን ሰው ሆነው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። አዋቂ መሆኑ በትምህርቱና በፈቃዱ ይታያል። የታመነ መሆኑ በሥራው ታሪክና በሰነዱ ይታያል። የግፍን ረብ መጥላቱም ክፍያው ከማን ኪስ እንደሚመጣ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ይታያል። ወንድምዎ ያቀረበልዎት ሊረጋገጥ የማይችለውን አንዱን ብቻ ነው፤ በእርሱም ሦስቱን እንዳይጠይቁ አደረገዎት። «ለዓለማዊ አማካሪ አትስጪ» ማለቱ ሲገለጥ ከእኔ በቀር ማንንም አታማክሪ ማለት ነው። መልካም አማካሪ ሌላ ሰው እንዲጠይቁ ራሱ ይልክዎታል እንጂ መንገዱን አይዘጋም።

ስለ ሐጂ ደግሞ ልናገር። ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳዘነኝ አንድ ቦታ ቢኖር ለእርሳቸው አሥራትዎን የደበቁበት ነው። ሐጂ የተባሉት መካ ደርሰው የመጡ ሰው ስለሆኑ ነው። ዘካ ያወጣሉ፤ ከሀብታቸው ላይ ለድሃ የሚገባውን አስልተው ይለያሉ። «ከዚህ ገንዘብ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ድርሻ ይወጣል» ቢሏቸው ከማንም ቀድሞ የሚገባቸው ለእርሳቸው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እርሳቸውም ያሰሉልዎት ከነገሯቸው ተነሥተው ነው፤ ያልነገሯቸው ነገር ደብተሩ ላይ ከየት ይመጣል? የጫቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአካባቢያችን ስንት ቤተሰብ በጫት እንደሚተዳደር ሁላችንም እናውቃለን፤ የማንንም እንጀራ ለመንቀፍ አልነሣም። የእርስዎ ሕሊና ግን የእርስዎ ነው። «ሐጂ፣ በጫት የሚገኝ ገቢ አልፈልግም» ማለት ስድብ አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታ መናገር ነው። ስንት ዓመት ቡና አብራችሁ ጠጥታችኋል፤ ይህን መስማት የሚከብዳቸው ይመስልዎታል?

ያም ቢሆን የአይሱዙው ሐሳብ ጫት ባይጭን እንኳ እኔን አያስደስተኝም። ሐጂ የሒሳብ ሰው ናቸው። ግብር፣ መዝገብ፣ የቤት በጀት በእርሳቸው እጅ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። ገንዘብን የት ላውል የሚለው ግን ሌላ ሙያ ነው። ሽርካው ማን እንደሆነ አልነገሩንም። ዘመዳቸው ነው? መኪናው ሲገዛ ለእርሳቸው የሚደርስ ነገር አለ? ይህን በትሕትና ይጠይቋቸው። ለሐጂ የማይጠየቅ ጥያቄ ለማኅበሩም ወንድም አይጠየቅም ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እኩል ይጠይቋቸው።

እንግዲህ አማካሪ ፍለጋው በምን ይጀመር? በእርስዎ ይጀመር። ማንንም ከመገናኘትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። ይህ ገንዘብ ለምን እንደሚውል በራስዎ እጅ ይጻፉ፦ ለእነማን ትምህርት፣ እስከ ስንት ዓመት፣ አሥራቱ ምን ያህል፣ ለቁልቢ የተሳሉት ካለ እርሱም። ቀጥሎ በምንም ዓይነት የማይነኩትን ይጻፉ፤ ጫት፣ አራጣ፣ ሌላም ካለ። ከዚያም ቢጠፋ ቤትዎን የሚያናጋው ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ክርስትናዎ በገንዘብዎ ላይ የሚታየው በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለማንም አማካሪ ሰጥተው «በዚህ ውስጥ ሆነህ ምከረኝ» ማለት ይችላሉ፤ ክርስቲያን ቢሆን ባይሆንም። አንብቦ ፈገግ የሚል ወይም «አሥራቱን ለጊዜው እንተወው» የሚል ሰው የእርስዎ አማካሪ አይደለም። «አሥራቱ ወጥቶ የቀረው ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ እንነሣ» ያለዎት ሰው ግን አክብሮዎታል።

በአገራችን የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። በ2013 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠራቸው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ሰው «የኢንቨስትመንት አማካሪ ነኝ» ሲልዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ፈቃድህን አሳየኝ» ይሁን። አሳየኝ ብለውም አይቁሙ፤ ስሙን ከባለሥልጣኑ ዘንድ ራስዎ ያረጋግጡ። አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገዙበትና የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን በይፋ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ ሙያው ገና ጀማሪ ስለሆነ ድሬዳዋ ላይ ቢሮ ያለው ባያገኙ አይገረሙ። አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር በስልክ መነጋገር ይቻላል፤ ሰነዱ ግን በእጅዎ ይግባ። የሒሳብ ባለሙያ ከፈለጉ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣቸው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው።

ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ለእርስዎ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ጠይቁት። «አንተን የሚከፍልህ ማን ነው?» ይበሉት። እርስዎ ብቻ ከሆኑ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። አክሲዮን ወይም መድን ከሚሸጥለት ድርጅትም ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ደብቆ ሳይሆን ገልጦ ይንገርዎ፤ እርስዎም ያንን እያወቁ ይመዝኑ። «ገንዘቤ በማን ስም ይቀመጣል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «በእርስዎ ስም» መሆን አለበት፤ አማካሪ ይመክራል፣ ገንዘቡን ወደ ራሱ ሒሳብ አያስገባም። ከዚያም «ምን ዓይነት ደንበኛ መልሰህ ታውቃለህ?» በሉት። ማንንም መልሶ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ደንበኛ አንድ ዓይነት ምክር እየሰጠ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ትርፉን በእርግጠኝነት የሚነግርዎትን ሰው አመስግነው ይሰናበቱ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ እንኳ፣ ዋጋው በአክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን መሆኑን ከነአደጋዎቹ በሰነድ ዘርዝሮ ነበር፤ ትርፍ በየወሩ ይህን ያህል ነው ብሎ ቃል አልገባም።

አሁን ደብዳቤዎ በዝምታ ስላለፈው ነገር ላንሣ፤ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ሊሆን ይችላልና። ገንዘቡ በእርግጥ የማን ነው? ቤቱ የባለቤትዎ አባት ነበር ብለዋል። በውርስ የመጣ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ሳይሆን የወራሹ የግል ነው። ባለቤትዎ ኑዛዜ ካልተዉ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው እንጂ የትዳር ጓደኛ አይደለም። ስለዚህ በእርስዎ ስም ያለው 3 ሚሊዮን ብር በሕግ የሦስቱ ልጆችዎ ሊሆን ይችላል። የትንሹን ድርሻ እርስዎ ለጥቅሙ ያስተዳድሩለታል፤ ሁለቱ ትልልቆች ግን በራሳቸው ድርሻ ላይ የራሳቸው ቃል አላቸው። እነርሱን አማክረዋል? በደብዳቤዎ ውስጥ የሁሉም ሰው ሐሳብ አለ፤ የሁለቱ ልጆችዎ ግን የለም። አንድ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሄደው የውርስ ወረቀቶቹን ያሳዩ። ለዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም።

ይህ አሥራቱንም ይነካል። እርስዎ ከደመወዝዎ በታማኝነት ሲያወጡ ኖረዋል። ከ3 ሚሊዮኑ 300,000 ብር ማውጣት ግን፣ ገንዘቡ የልጆቹ ከሆነ፣ የእነርሱም ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ይሆናል። ይህን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይመለሱ፤ «አትቸኩዪ» ያሉዎት አባት በዚህም ያስተውላሉ። ሲወጣ ግን በራስዎ እጅ ለአጥቢያዎ ሰበካ ጉባኤ ሰጥተው ደረሰኝ ይቀበሉ። አሥራትን ሌላ ሰው ቀንሶ «በስምሽ አድርሻለሁ» እንዲል አይፍቀዱ።

እስከዚያው ገንዘቡ የት ይሁን? ባለበት። «ብሩ እየረከሰ ነው» የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ኑሮውን ሁላችንም አይተነዋል። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ከዓመት ዓመት አቅሙ ይቀንሳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሦስት ወር አስበውበት የሚያጡት ጥቂት ነው፤ ቸኩለው ለማያውቁት ነገር ሰጥተው የሚያጡት ግን ሁሉንም ሊሆን ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ማወቅ ይገባዎታል፦ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ባንክ ማስቀመጡ ይቀጥል ወይ የሚለውን ከሚያገኙት አማካሪ ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት።

የቀረው በጣም የከበደዎት ነው፤ በ19 ምን ይበሉ? ይሉኝታው ይገባኛል። ጽዋው ሲዞር ፊት ለፊት የሚቀመጥን ሰው እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ በተለይ ባል የሌላት ሴት ስትሆን ሁሉም መካሪዋ ሊሆን ይነሣልና። በማኅበሩ ፊት አያንሡት፤ አስቀድመው ብቻውን ያግኙት ወይም ይደውሉለት። «ወንድሜ፣ ስላሰብክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘቡ የልጆቼም ስለሆነ በሕግ ባለሙያ በኩል እንዲያልፍ ወስኛለሁ፤ ለማንም በግል አልሰጥም» ይበሉት። ይህ እውነት ነው፤ ውሸት መፍጠር አያስፈልግዎትም። ከዚህ በላይ ማስረዳትም አይጠበቅብዎትም። ቢጫንዎት ያንኑ ይድገሙት። የሚመልሰው መልስ ብዙ ያስተምርዎታል። «ጥሩ አድርገሻል» ካለ ወንድምነታችሁ ይቀጥላል። «እምነትሽ ጎደለ» ካለ ግን ስለ ገንዘብዎ እንጂ ስለ ነፍስዎ እየተናገረ አይደለም።

ማኅበሩስ? የማኅበሩን ገንዘብ የሚይዘው እርሱ መሆኑን ጽፈዋል። ማንንም ሳይወነጅሉ፣ የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰዎች ስም ሆኖ ቢያንስ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ ገንዘብ እንዲወጣ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለመሪው፣ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ፤ ይህ ለማንኛውም ማኅበር የሚገባ ሥርዓት ነው፤ ለእርሱም ከሐሜት ይጠብቀዋል። ከአራቱ ሰዎች መካከል የሚቀርቡት ካለ ደግሞ የ16 ወሩን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርተው ያሳዩት፤ ዋናውን ገንዘቡን መልሶ ጠይቆ ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁት። ከዚህ በላይ ሸክሙን አይሸከሙ፤ ውሳኔው የእነርሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለእኔ እንዲህ ነው። ከ19 በፊት ወንድምዎን ያነጋግሩ። በዚያው ሳምንት ለሁለቱ ልጆችዎ ደውለው የገንዘቡን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይንገሯቸው፤ የውርስ ወረቀቱንም ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። ወረቀትዎን ጽፈው ሐጂ ዘንድ ይሂዱና ደብተሩን እንደገና አብረው ይሥሩት፤ በዚህ ጊዜ አሥራቱም የጫቱም ነገር ሳይደበቅ። ፈቃድ ያለው አማካሪ ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይጀመር፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሳያነጋግሩ አይወስኑ። የሕግ ባለሙያው ስለ ልጆቹ ድርሻ ምን እንዳለዎት ቢጽፉልኝ፣ ስለ ትንሹ ልጅ ገንዘብ አያያዝ በሚቀጥለው ለብቻው እመልስልዎታለሁ።